በእጄ ያቃጠልኳት ቤት

(እማማ ብርቄ ገርጂ በሚገኘው ግቢያቸው ለተከራያቸው ለሰላም ያወሩት፤ እንደተናገሩት የተጻፈ።)

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ እሳት የሚቀመጥበት ቦታ ይታወቅ ነበር። ምድጃ ውስጥ ነው። ታዪዋለሽ። ማታ አመድ አልብሰሽ ታዳፍኚዋለሽ፣ ጠዋት ገለጥ ስታደርጊው ፍሙ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል፣ ጎረቤት እሳት ልጫር ብላ ስትመጣ ሰጥተሽ ትሸኛለሽ። ታዲያ ዛሬ እሳቱ የት ነው ያለው? ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው፣ ምንጣፉ ስር ነው ያለው፣ ፍሪጅሽ ጀርባ ነው ያለው። አይታይም፣ አይዳፈንም። እና ቅድም ወንፊት ልዋስ ብዬ ክፍልሽ ስገባ አየሁ እኮ። አንዲት ማከፋፈያ ላይ ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ምድጃውም፣ ያ የፀጉር መተኮሻሽም ተሰክተው፣ ገመዱ ደግሞ እንዳያስጠላ ተብሎ ምንጣፍ ስር ተደብቆ። ለዚህ ነው ነይ ቁጭ በይ ያልኩሽ። በስልክሽ ትቀጃለሽ? ቅጂ። ትጽፊዋለሽ? ጻፊው፣ ግን እያስተዋልሽ ጻፊ። እኔ እንደተናገርኩት የጻፈ ሰው ምን እንዳደረሰብኝ አሁን ትሰሚያለሽ።

ይሄ ቤት የእኔ አይደለም፣ የልጄ የመሠረት ነው። ታውቂያታለሽ፣ ነርስ ናት፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ከባንክ ተበድራ ነው የገዛችው፣ እና ባንኩ ለእሳት ኢንሹራንስ ካልገባሽ ብሩን አልሰጥም አላት። እኔ ሳቅሁባት። ኢንሹራንስ ለመኪና ነው እንጂ ለቤት ደግሞ ምን ይባላል፣ ቤት ተነድቶ ገደል አይገባ፣ አልኳት። በየዓመቱ ስትከፍል በየዓመቱ እቀልድባት ነበር፣ ዛሬም ለእሳት ግብር ልትከፍዪ ነው ወይ እያልኩ። እሷ ዝም ብላ ትከፍላለች። ዝምተኛ ናት መሠረት፣ በእኔ አልወጣችም።

ታዲያ ከዚህ በላይ ያለችው ጎረቤታችን፣ አስካለ፣ ባሏ አረፈ። መሠረት ሥራ ሄዳለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም። እኔ ምድጃውን አየሁ፣ ነቅያለሁ፣ ቡታጋዙን ዘግቻለሁ፣ በሩን ቆለፍኩና ለቅሶ ሄድኩ። የቀረ ነገር የለም ብዬ ነው። ፍሪጅ ይነቀላል ብሎ ማን ያስባል? ፍሪጅ እንደተሰካ ይኖራል እኮ።

እና እኔ ደግሞ ለቅሶ ላይ አልታማም። የዛሬ ልጆች ድንኳን ገብታችሁ ስልካችሁን ነው የምታዩት። እኔ አስካለን ገና ከበር ሳያት ድምፄን ለቀቅኩት። «እኔ ነኝ የገደልኩህ! ታመሃል ሲሉኝ ሳልጠይቅህ የቀረሁ፣ እኔው ነኝ በእጄ የገደልኩህ!» አልኩ። ሰላምዬ፣ ገድዬው ነው? ሰውየውን የገደለው ስኳር በሽታ ነው፣ ይሄን አስካለም ታውቃለች፣ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰውም ያውቃል። ግን እንዲህ ነው የሚለቀሰው። የእኛ ሰው ሲያዝን ጥፋቱን ወደ ራሱ ነው የሚጎትተው። ይሄን ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እዚያው ቁጭ ብለን ድንኳኑ ውስጥ ያለችው አምፖል ቦግ አለች። ቦግ ብላ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን አይደለም፣ ነጭ ሆና ዓይን ወጋች፣ ከዚያ ጠፋች፣ ከዚያ ተመልሳ በራች። ሰዉ መብራት መጣ አለ፣ እኔም እግዜር ይመስገን አልኩ። ትንሽ ቆይቶ የከማል ድምፅ ሰማሁ። ከማልን ታውቂዋለሽ፣ ፊት ለፊታችን ያለው የወሎ ሰው፣ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ያለው። እና እሱ ከውጭ ሆኖ በእማማ ብርቄ ቤት ጭስ እየወጣ ነው እያለ ይጣራል። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ነጠላዬ ድንኳን ቀርታለች፣ ጫማዬ አንዱ ቀርቷል።

ስደርስ በሳሎኑ መስኮት ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ መጋረጃው ይነዳል። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ውሃ ሊደፉ ሲሉ ከማል በር ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ከለከለ። ውሃ አይነካውም፣ መብራቱ ሳይጠፋ ውሃ የደፋ ሰው አብሮ ይሄዳል፣ ይላል። ቆጣሪው ጋ ሄዶ አጠፋው፣ ከዚያ ወደ አሸዋው አላቸው። ገርጂ መቼም አሸዋ አይታጣም፣ ሁሌ የሚሠራ ቤት አለ፣ ሁሌ መንገዱን የዘጋ አሸዋ አለ። እኔ በዚያ አሸዋ ስንት ጊዜ ተሳድቤያለሁ፣ ያን ቀን ግን ባረክሁት። በሳፋ፣ በድስት፣ በያገኙት እያፈሱ በመስኮት ወረወሩ፣ እሳት አደጋም ደረሰና ጨረሰው። ሳሎኑ ሄደ። የመሠረት መኝታ ቤት ሄደ። ኮርኒሱ ወረደ፣ ቆርቆሮው ተጣመመ። የኋላዎቹ ክፍሎች ተረፉ፣ አንቺ አሁን ያለሽበትም ተረፈ።

ሳይነጋገሩ ሴቶቹ መጥረጊያ ይዘው መጡ። አካፋ ያመጣ አለ፣ ማዳበሪያ ያመጣ አለ። ታዲያ የእኛ ሰፈር እንዲህ ነው፣ ሰው ከተጎዳ ጉዳቱን ዓይኑ እንዳያየው ቶሎ ያጸዱለታል። መሠረት ከሥራ ሳትመለስ አመዱን እናንሳላት አሉ። ከማል አሁንም በሩ ላይ ቆመ። «መኪና ሲጋጭ ትራፊክ ሳይመጣ ይነሳል? አይነሳም። ይሄም አይነሳም። ኢንሹራንስ ያለው ቤት ነው፣ አንድ ሚስማር እንዳትነኩ» አለ። ተቆጡት። ልብ የለህም እንዴ፣ አሮጊቷ እዚህ አመድ ፊት ትቀመጥ ነው የምትለው አሉት። እኔም ያን ጊዜ ተቀየምኩት፣ እውነቱን ልንገርሽ። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም፣ በስልኩ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ በሩን በገመድ አሰረው።

በማግስቱ ከኢንሹራንሱ አንድ ወጣት መጣ። ናትናኤል ይባላል። መልካም ልጅ ነው፣ አትሳሳቺ፣ ትሁት ነው፣ ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ጎንበስ አለ፣ የተቃጠለ ቤት ውስጥ ሊገባ። መሠረት የፖሊስ ማስረጃ ልታመጣ ሄዳለች። እኔ ግቢው ውስጥ በሴቶች ተከብቤ ቁጭ ብያለሁ፣ ለቅሶ በሉት፣ ቤት ነው እንጂ ሰው አልሞተም፣ ግን ሰው ይገባል ይወጣል፣ እኔም አለቅሳለሁ። እና እሱ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። «ማዘር፣ አይዞዎት። አጭር ስቴትመንት፣ ቃልዎን ነው የምወስደው። እሳቱ በማን ምክንያት ተነሳ?» አለኝ።

በማን ምክንያት! እስቲ አንቺ ፍረጂ፣ ይሄ ለሐዘንተኛ የሚጠየቅ ነው? ድምፄ ራሱ ወጣ። «በእኔ ነዋ! በማን ይሆናል? እኔው ነኝ በእጄ ያቃጠልኳት! ልጄን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፣ ቤቷን ባዶ አድርጌ የሄድኩ!» አልኩ። ሴቶቹም አብረው አለቀሱ። ልጁ ይጽፋል። እኔ ባለቀስኩ ቁጥር ይጽፋል። ሐዘኔ ገብቶት ነው ብዬ እንዲያውም ወደድኩት፣ ይሄ የዛሬ ልጅ አይደለም አልኩ በሆዴ። ሲጨርስ እዚህ ጋ ይፈርሙ አለኝ። መነጽሬ ቤት ውስጥ ተቃጥሏል፣ ምን አያለሁ? ፈረምኩለት። መርቄም ሸኘሁት።

ከዚያ ጠበቅን። ጠበቅን ነው የምልሽ። እዚያ ኋላ ክፍል ሁላችንም ተጨናንቀን፣ ልጆቹ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው። አንድ ቀን መሠረት ሃያ ሁለት ያለው የኢንሹራንሱ ቢሮ ሄዳ ተመለሰች። ገባች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች። እኔ ምን አሉሽ አልኳት። ቀና ሳትል፣ «እማ፣ ያን ቀን ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለችኝ።

ምን አደረግሁ አልኳት። በእጅሽ እንዳቃጠልሽው ተናግረሻል፣ ፈርመሽበታል፣ ቤተሰብ ሆን ብሎ ላቃጠለው ቤት ካሳ አይከፈልም ብለውኛል፣ አለች። ባንኩ ደግሞ ቤቱ ቢቃጠልም ብድሩ አልተቃጠለም፣ መክፈሉን ቀጥይ ብሏታል። የተቃጠለ ቤት አድሳ የባንክ ዕዳ ልትከፍል የምትችልበት ደመወዝ የላትም። ካሳው ካልመጣ ቤቱ ይሸጣል። ይሄን ሁሉ እንደ ሐኪም ቤት ውጤት ነበር የነገረችኝ፣ ቀስ ብላ።

እና ልጄ፣ ያን ሰዓት ያመመኝ ቤቱ አይደለም። መጠየቋ ነው። ወልጄ ያሳደግኋት ልጅ፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ እናቴ አድርጋው ይሆን ብላ አሰበች። አንጀቴ ተቆረጠ። መሠረት እኔን አታውቂኝም አልኳት። አውቅሻለሁ፣ ታዲያ ለምን እንዲህ አልሽ አለችኝ። ምን ልበል? ሰው ሲቃጠል ምን ይላል? ቮልቴጁ ከፍ ብሎ መጣና ማከፋፈያው ቀለጠ ብሎ ያለቅሳል? እሷ ግን በሕመምተኛ መካከል የምትውል ሰው ናት፣ የሚያምህ የት ነው ብላ ጠይቃ የተነገራትን የምትጽፍ። እኔም ተቀየምኩ፣ እሷም ተቀየመች፣ ያንን ሰሞን በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ተከራይ ነበር የኖርነው። ጨው አቀብዪኝ፣ እንኪ። በቃ ይሄው ነበር ንግግራችን።

ግን አልተወችውም። ቅሬታ አስገባች፣ የከማልን ፎቶ አያይዛ፣ እናቴ በሐዘን የተናገረችው ነው፣ ሰው ልካችሁ እንደገና እዩልኝ ብላ። እነሱም ያንኑ ልጅ ላኩት።

ረፋድ ላይ እመጣለሁ ብሎ እኩለ ቀን ሆነ። መሠረት ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታለች፣ ሰዓቷን ታያለች። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነው። በመጨረሻ በሩ ተንኳኳ፣ ልጁ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ በመሐረብ ፊቱን እየጠረገ ገባ። «ማዘር ይቅርታ፣ መገናኛ ላይ ትራፊኩ ገደለኝ። ታክሲ አጥቼ በእግሬ መጣሁ፣ ፀሐዩ አቃጠለኝ» አለ።

እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ብዕር ይዘሃል ወይ አልኩት። አዎ አለ። «እንግዲያው ጻፈው» አልኩት።

«ምኑን ማዘር?»

«መገናኛ ላይ መገደልህን ነዋ። ከዚያ ደግሞ መቃጠልህን። ጻፍና ፈርምበት፣ እኔ ለፖሊስ እደውላለሁ። ገዳዩም አቃጣዩም ሳያመልጥ።»

ፈገግ ሊል ነበር፣ መሠረትን ሲያያት አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። እኔ እያፌዝኩ አልነበረም፣ ሰላም፣ ሆዴ እየተቃጠለ ነበር። ይሄው አሁንም አልኩ፣ ሆዴ እየተቃጠለ ነበር። በምን ቋንቋ ልናገር?

እናት አለችህ ወይ አልኩት። አለች፣ ጎሮ ነው ያለችው አለኝ። ልጅ ሆነህ ስትወድቅ ምን ትልህ ነበር አልኩት። ልጁ መሐረቡን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። ዝቅ ብሎ፣ «እኔን ድፍት ያርገኝ ትላለች» አለ። «ታዲያ ተደፍታ ታውቃለች?» አልኩት። አታውቅም አለ። ካለ በኋላ ዓይኑን ወደ ተቃጠለው በር አዞረ። ከዚያ ያን ወንበር ራሱ ስቦ ቁጭ አለ። «ማዘር፣ እንደገና ይንገሩኝ። እኔ ጥያቄውን አበላሽቼው ነበር። ሲወጡ ምን ምን ተሰክቶ ነበር?» አለኝ።

አየሽ? ይሄ ነው ጥያቄ። እኔም ያለ ለቅሶ ነገርኩት። መብራት ከጠዋት አልነበረም፣ ምድጃውን ነቅያለሁ፣ ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ግን በአንዲት ማከፋፈያ ላይ ሶፋው ጀርባ እንደተሰኩ ነበሩ፣ መብራቱ ሲመጣ ዓይን ወግቶ ነው የመጣው፣ ድንኳን ያለ ሰው ሁሉ አይቷል። ተነሳ፣ የከማልን ገመድ ፈትቶ ገባ። ሶፋው የነበረበት ግድግዳ ከስር ከሶኬቱ ጀምሮ ወደ ላይ እየሰፋ ጠቁሯል፣ ማከፋፈያው ቀልጦ መሬቱ ላይ ተለጥፏል፣ አንዱ የገመድ ጫፍ እስካሁን ሶኬቱ ውስጥ አለ። ማነው ይሄን እንዳይነካ ያደረገው አለ። አንድ የጋራዥ ሰው ነው፣ መኪና መስሎት ነው፣ አልኩት። ያን ጊዜ ነው መሠረት የሳቀችው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

እና ተከፈለ። መመላለሱን አልነግርሽም፣ እሱ ለብቻው ጫማ ይጨርሳል። ግን ደግሞ ሁሉም እንዳይመስልሽ፣ የተከፈለው ለግድግዳና ለጣሪያው ነው። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የመሠረት ልብስ፣ የእኔ መነጽር፣ ውሉ ውስጥ የሉም። ባንኩ የሚፈልገው ቤቱን ነው እንጂ ሶፋችንን ምን ያደርግለታል? እኛም ሳናነብ ነው የኖርነው። አሁን ዕቃውም ገብቷል፣ እኔም ለእሳት ግብር እያልኩ መቀለዴን ትቻለሁ።

ቤቱ ታድሶ የገባን ቀን መሠረት አዲሱ ሳሎን መሐል ቆመች። ባዶ ነው፣ ወንበር እንኳን የለም። እኔ ግድግዳውን እየዳበስኩ ሳለሁ ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝ። ዝምተኛ ናት ብዬሻለሁ። «እማ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ነኝ የገደልኩሽ። አፌን አውጥቼ የጠየቅሁሽ» አለች። ልጄ ናት ለካ፣ ቋንቋው አልጠፋትም። ሌላ ይቅርታ አላስፈለገኝም። አለቀስን፣ ማንም ሳይጽፈው።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሕግ አለ። ፍሪጁ የራሱ መስመር አለው፣ ማከፋፈያ አይነካውም። ምንጣፍ ስር ገመድ አይሄድም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይነቀላል፣ ፍሪጁም ጭምር፣ መብራቱ መጥቶ እስኪረጋ አይሰካም። ያ በር ኋላ የተሰቀለው ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ለጌጥ አይደለም፣ ከማል አጠቃቀሙን አሳይቶኛል፣ አንቺንም ያሳይሻል። አስካለም ቤቷን አሳይታኛለች፣ ሰፈሩ ሁሉ እኔ ስገባ ምንጣፉን ማንሳት ጀምሯል፣ ለጥየቃ መጥቼ ስርቻ ስርቻውን ሳይ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንቺም አሁን ተነሺና ያንን የፀጉር መተኮሻሽን ንቀዪው፣ ቡናም ቢሆን ሻይም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው። ምን ያስቅሻል?

«ውይ እማማ፣ ያ ልጅ ትራፊኩ ገደለኝ ሲል... በሳቅ ገደሉኝ እኮ!»

ተይ። እሱን እንዳትጽፊው።